በፎገራ ሜዳ ለጎርፍ የተጋለጠ የእርሻ መሬትን ሲለኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው ጣና ከመግባታቸው በፊት የፎገራን ሜዳ ያቋርጣሉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሜዳው ላይ የሚተኛው ውሃ ከሦስት ቦታ ይመጣል፦ ከወንዞቹ ሙላት፣ ሐይቁ ከፍ ሲል ወደ ኋላ ከሚገፋው ውሃ፣ እዚያው ዘንቦ መውጫ ካጣ ዝናብ። ስለ አንድ ክረምት ሁለት ባለሙያዎች የተራራቀ የሄክታር ቁጥር ይዘው የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ሳይለዩ ስለሚለኩ ነው።

1. የሩዝ ማሳን ጎርፍ ብሎ መቁጠር

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ጎርፉ የሚለካው በራዳር ሳተላይት ምስል ነው፤ ጸጥ ያለ ውሃ ሳተላይቱ የሚልከውን የራዳር ምልክት እንደ መስተዋት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንጸባርቀው በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ፎገራ ግን የሩዝ አገር ነው። ገበሬው በሐምሌ ማሳው ላይ ውሃ የሚያቁረው ፈልጎ ነው። የነሐሴን ምስል ከጥር ምስል ጋር አወዳድሮ ልዩነቱን ሁሉ ጎርፍ የሚል ሰው ጤናማውን የሩዝ ማሳ በሙሉ ከተጎጂው ጋር ይደምረዋል። ማወዳደሪያው ጎርፍ ያልነበረበት ዓመት የዚያው ወር ምስል መሆን አለበት። የሚቻል ከሆነ የሦስት ወይም የአራት ዓመታትን አማካይ ይውሰዱ።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ሩዙ አድጎ ከውሃው በላይ ሲቆም ምልክቱ ከውሃው ወደ አገዳው ነጥሮ ወደ ሳተላይቱ ይመለሳል፤ በጎርፍ የተያዘው ማሳ ከመጥቆር ይልቅ ይነጣል። ስለዚህ የተመላሹ ምልክት ጥንካሬ ከ−16 ዲሲቤል በታች የሆነበትን ሁሉ ውሃ ነው የሚል አንድ ወጥ መቁረጫ አይበቃም፤ ከወትሮው የጠቆረውንም የነጣውንም ለየብቻ ያውጡ። የሚያወዳድሯቸው ምስሎች ሳተላይቱ በተመሳሳይ መስመርና አቅጣጫ ሲያልፍ የተነሡ ይሁኑ። ካልሆኑ የእይታው ማዕዘን ብቻ ልዩነት ይፈጥራል።

2. በአንድ ቀን ምስል መደምደም

በክረምት ደመናው ስለማይገለጥ በተራ ብርሃን ፎቶ የሚያነሣው ሳተላይት ሴንቲኔል-2 ብዙ አይረዳም፤ ስለዚህ ሥራው በራዳሩ በሴንቲኔል-1 ላይ ይወድቃል። አንዱ ሳተላይት በአንድ መስመር የሚመለሰው በ12 ቀን ነው። ጥንዱ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሥራ ካቆመ በኋላ ክፍተቱ ለዓመታት ሰፍቶ ቆይቷል። የወንዝ ሙላት ደግሞ በአንድ ሌሊት መጥቶ በቀናት ውስጥ ሊሸሽ ይችላል፤ የሐይቁ ውሃ ግን ለሳምንታት ይተኛል። ሳተላይቱ የሐይቁን በደንብ ያያል፣ የወንዙን ያመልጠዋል። ከወንዙ ዳር ያለው ማሳ በካርታው ላይ ደረቅ ሆኖ ቢወጣ ያልተነካ ነው ብለው አይመኑ። በወንዙ መለኪያ ጣቢያ የተመዘገበውን የየቀኑን ከፍታ አውጥተው ምስሉ የተነሣው ሙላቱ ከፍ ባለበት ቀን ነው ወይስ ከሸሸ በኋላ የሚለውን ያረጋግጡ።

የብዙ ቀን ምስል ሲኖር ደግሞ የየቀኑን ሄክታር መደመር አይገባም። ያው ማሳ ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። መጀመሪያ ካርታዎቹን ደርቡ፣ ስፋቱን የሚለኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) ስንት ጊዜ ውሃ እንደያዘ በሌላ ካርታ ቢያስቀምጡም መልካም ነው፤ ሁለት ቀን የቆመና ሃያ ቀን የቆመ ውሃ ለጤፍ ማሳ አንድ አይደሉም።

3. የከፍታ ካርታን ከልክ በላይ ማመን

የከፍታ ካርታ ውሃው የት ድረስ እንደሚደርስ ለመገመት ያገለግላል። የሜዳው ተዳፋት በ1,000 ሜትር 1 ሜትር ከሆነ፣ የ1 ሜትር የከፍታ ስህተት የጎርፉን ጠርዝ 1 ኪሎ ሜትር ያንቀሳቅሰዋል። በነጻ የሚገኙት፣ አንዱ ፒክስል 30 ሜትር የሚሸፍንባቸው የከፍታ ካርታዎች በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ከዚህ የበለጠ ሊሳሳቱ ይችላሉ። የባሕር ዛፍ ተክልንም እንደ ኮረብታ ይቆጥሩታል። ሁለት ሜትር ከፍታ ያለውን የወንዝ ዳር የአፈር ክትር ግን አያዩትም።

በርብ ታችኛው ክፍል ሌላም ችግር አለ። ወንዙ ባመጣው ደለል ወለሉ ከፍ ብሏል። ማሳው ከቅርቡ ወንዝ ስንት ሜትር ከፍ ይላል ብሎ የሚያሰላ ዘዴ ወንዙ ዝቅተኛው ቦታ ነው ከሚል ግምት ስለሚነሣ እዚህ ይስታል። ክትሩ የሚሰበርበትን ቦታ ከቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ከአካባቢው አዛውንቶች ጠይቀው በጂፒኤስ መመዝገብ ከማንኛውም ሞዴል ይበልጣል።

4. የቆየ የፍሰት መረጃን ሳያጣሩ መጠቀም

በርብ ላይ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ከግድቡ በታች ያለው ፍሰት እንደ ድሮው አይደለም። ከዚያ በፊትና በኋላ የተመዘገበውን አቀላቅሎ ማስላት የትኛውንም ዘመን የማይወክል ቁጥር ይሰጣል። «የ100 ዓመት ጎርፍ» የሚለው አባባልም ሰውን ያሳስታል። ትርጉሙ በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው፤ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራንና ሊቦ ከምከምን የመታው ዓይነት ጎርፍ ዳግም ለመምጣት መቶ ዓመት አይጠብቅም።

5. የእርሻውን ካርታ አለመፈተሽ

የዓለም አቀፍ የመሬት ሽፋን ካርታዎች ሣርንና ሰብልን እዚህ አካባቢ ያምታታሉ። በሐይቁ ዳር ደግሞ ውሃ ላይ የተንሳፈፈው እምቦጭ አረንጓዴ ስለሆነ ማሳ ሊመስል ይችላል። ባሕር ሸሽ የሚባለውንም መሬት ለብቻ ይያዙት። ሐይቁ ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት ነው፤ ለዚህ መሬት ውሃው እርጥበት ያመጣለታል እንጂ አይጎዳውም። በተጋላጭ መሬት ሥር ሲደመር ጥቅሙ ጉዳት ሆኖ ይቆጠራል።

6. ስፋትን በተሳሳተ የካርታ ትንበያ (ፕሮጀክሽን) ማስላት

የካርታ ትንበያ ማለት ክብ የሆነችውን ምድር ጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማስቀመጫ ስልት ነው። ዌብ መርካቶር በሚባለው የድረ ገጽ ካርታ ትንበያ ላይ የሚለካ ስፋት በ12 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ 4.5 በመቶ ያህል ይጋነናል። ለፎገራ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን የሚባለውን ትንበያ ይጠቀሙ። የቆዩት የወረቀት ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ (ዳተም) የተሠሩ ስለሆኑ ሳይቀየሩ ከሳተላይት ምስል ጋር ከተደረቡ 200 ሜትር ያህል ይዛነፋሉ።

7. ካርታውን ሳያርሙ ሄክታሩን መጻፍ

ለምሳሌ ካርታዎ 12,000 ሄክታር ጎርፍ፣ 60,000 ሄክታር ደረቅ አለ እንበል። ከሁለቱም በዕጣ ነጥብ አውጥተው ሲፈትሹ፣ ጎርፍ ከተባለው 90 በመቶው ትክክል ሆነ፤ ደረቅ ከተባለው ደግሞ 3 በመቶው ጎርፍ ነበረበት። የታረመው ስፋት 10,800 ሲደመር 1,800፣ ማለትም 12,600 ሄክታር ነው። 3 በመቶ ጥቂት ቢመስልም ሰፊው ክፍል ላይ ስለሚያርፍ ከ10 በመቶው ስህተት በላይ ቁጥሩን ይለውጣል። ስለዚህ ደረቅ ከተባለው ክፍል የሚወሰደውን ነጥብ አይቀንሱ። ሪፖርቱ ላይ ከቁጥሩ ጎን የስህተቱን ወሰን፣ ምስሎቹ የተነሡበትን ቀንና ውሃው የወንዝ ወይም የሐይቅ መሆኑን ይጻፉ። ለገበሬ የሚነገር ከሆነ ደግሞ በሄክታር ብቻ ሳይሆን በጥማድም ያስሉት፤ አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው።