የቆየ ስፒከር ከመጣሉ በፊት፦ ብልሽቱን ለይቶ መጠገን

በብዙ ቤቶች ዕቃ ቤት ውስጥ ከሸክላ ማጫወቻ ወይም ከአሮጌ ቴፕ ጋር የመጣ ባለ እንጨት ሳጥን ስፒከር አቧራ ለብሶ ይገኛል። ድምፁ ስለተበላሸ ብቻ ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት ሊመረመር ይገባል። የስፒከር መሠረታዊ አሠራር አሜሪካውያኑ መሐንዲሶች ቼስተር ራይስ እና ኤድዋርድ ኬሎግ በ1925 እ.ኤ.አ. ካቀረቡት ብዙም አልተለወጠም፤ በማግኔት ክፍተት ውስጥ የተንጠለጠለ ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ወደፊትና ወደኋላ እየተንቀሳቀሰ የተጣበቀበትን የወረቀት ኮን ይገፋል። ማግኔቱና የብረት አካሉ በዕድሜ ብዛት እምብዛም አይጎዱም። የሚያረጁት ኮኑን ከብረቱ ጠርዝ ጋር የሚያያይዘው ስፖንጅ፣ ተጣጣፊዎቹ ሽቦዎችና በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ቀጭኑን ድምፅ ለይተው ለትንሹ ስፒከር የሚያሳልፉት ክፍሎች) ሲሆኑ፣ ሦስቱም ትዕግሥት ባለው ሰው እጅ የሚጠገኑ ናቸው።

ምርመራው የሚጀምረው ሳጥኑ ሳይከፈት ነው። ከሁለቱ ስፒከሮች አንዱ ዝም ካለ፣ አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ የግራውንና የቀኙን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ በኩል ማለዋወጥ ያስፈልጋል። ያው ስፒከር አሁንም ዝም ካለ ብልሽቱ በእርሱ ወይም በገመዱ ላይ ነው፤ ዝምታው ወደ ሌላኛው ከዞረ ግን ችግሩ የአምፕሊፋየሩ ስለሆነ ሳጥኑን መፍታት አያስፈልግም።

ብሎኖቹ በሚፈቱበት ጊዜ ማግኔቱ ካቻቢቴውን በድንገት ስቦ ኮኑን ሊያስበሳው ስለሚችል፣ ኮኑን በሌላው እጅ መከለል ይገባል። የትኛው ሽቦ ከየትኛው ጫፍ ጋር እንደተያያዘ ምልክት ከተደረገ በኋላ ሽቦዎቹን አላቅቆ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) መለካት ይቻላል። በጀርባው 8 ኦም የሚል ጽሑፍ ያለበት ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ከ5.5 እስከ 7 ኦም ያሳያል፤ ቴስተሩ የሚለካው የጥቅሉን ሽቦ ሬዚስታንስ ብቻ ስለሆነ ዝቅ ማለቱ ብልሽት አይደለም። ቴስተሩ ምንም ካላሳየም ጥቅሉ ተቃጥሏል ብሎ ለመደምደም መቸኮል አይገባም። ከመያዣው ተነሥተው ኮኑ ላይ የሚያርፉት የተጎነጎኑ ሽቦዎች ለዓመታት ሲተጣጠፉ ኖረው ከሥራቸው ይበጠሳሉ፤ ኮኑ በጣት ቀስ ተብሎ ሲነካ ንባቡ መጣ ሄድ ካለ ምክንያቱ ይህ ነው። የሚተካው ሽቦ እንደ ቀድሞው ተጣጣፊ መሆን አለበት፤ ደረቅ ሽቦ የኮኑን እንቅስቃሴ ያውካል፣ ራሱም ቶሎ ይሰበራል።

ቀጥሎ ኮኑን በሁለት እጅ ጣቶች ከግራና ከቀኝ እኩል ይዞ በዝግታ ወደ ውስጥ መግፋት ነው። ጤነኛ ኮን ያለ ድምፅ ገብቶ ይመለሳል። የመፋቅ ድምፅ ከተሰማ ጥቅሉ ማግኔቱን እየነካ ነው ማለት ነው፤ ይህም ስፒከሩ ወድቆ ማግኔቱ ስለተንሸራተተ፣ ክፍተቱ ውስጥ ቆሻሻ ስለገባ ወይም ከባዱ ኮን በዘመን ብዛት ወደ ታች ስላዘነበለ ሊሆን ይችላል። ለመጨረሻው ምክንያት ስፒከሩን ግማሽ ዙር አዙሮ ማሰር ብዙ ጊዜ ይረዳል።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠሩ ስፒከሮች ላይ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው የስፖንጁ መበስበስ ነው። ይህ ስፖንጅ እርጥበትና አየር ሲያገኘው ወይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ወይ ሲነኩት ይፈረፈራል። ጠርዙ ከጨርቅ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ስለሆነ ባይነካ ይሻላል። ስፖንጁን ለመቀየር የኮኑንና የብረቱን ዲያሜትር በሚገባ ለክቶ ተመሳሳይ መጠን ያለው ማግኘት፣ አሮጌውን ስፖንጅ በምላጭና በአልኮል በነካ ጥጥ ከብረቱ ላይ አጥርቶ ማንሣት፣ ከወረቀቱ ላይ ደግሞ ሳያርሱ በጥንቃቄ መፋቅ ያስፈልጋል። ለማጣበቂያ ነጩን የእንጨት ኮላ እመርጣለሁ፤ ማስቲሽ ወዲያው ስለሚይዝ ኮኑን መሃል ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም። በመጀመሪያ ስፖንጁ ከኮኑ ጋር ይጣበቃል፤ እርሱ ከደረቀ በኋላ ውጫዊው ጠርዝ ከብረቱ ጋር ይያያዛል፤ ኮላው ገና እርጥብ እያለም ኮኑ በተደጋጋሚ እየተገፋ ጥቅሉ ማግኔቱን አለመፋቁ ይፈተሻል። ከዚያ በኋላ ለ24 ሰዓት መነካት የለበትም። ኮኑ ራሱ ከተቀደደ በስተጀርባው ስስ ወረቀት በተቀጠነ ኮላ መለጠፍ ይበቃል፤ ፕላስተር ክብደት ስለሚጨምር ድምፁን ይለውጣል።

በሳጥኑ ውስጥ ያለው ትልቁ ስፒከር በደህና እየሠራ ቀጭኑ ድምፅ የደበዘዘ ከሆነ ጥርጣሬው በካፓሲተሮቹ ላይ ይወድቃል። እነዚህ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የማይለዩ ዓይነት ስለሆኑ በተራው የሬዲዮ ካፓሲተር መተካት የለባቸውም። በላያቸው የተጻፈው የማይክሮፋራድ መጠን መጠበቅ፣ ቮልቴጁም ከቀድሞው ማነስ የለበትም።

ስፒከሩ የባለ አምፖል ሬዲዮ አካል ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠሩ ብዙ ሬዲዮዎች ውስጥ ስፒከሩ ቋሚ ማግኔት ሳይኖረው በመቶዎች ቮልት ከሚሞላ ሌላ ጥቅል ኃይል ያገኛል። ስለዚህ ሬዲዮው ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ አደገኛ ነው፤ ልምድ ለሌለው ሰው ለባለሙያ መስጠት ይመረጣል። ስፒከሩ ተነቅሎ ሳለ ሬዲዮውን ማብራትም ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ከመገጣጠም በፊት 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ማስነካት የፖዘቲቩን ጫፍ ያሳያል፤ ኮኑ ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው። አንዳንድ የቆዩ የጄቢኤል ኩባንያ ስፒከሮች በተቃራኒው ስለተሠሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ማነጻጸር ይገባል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ከገባ የወፍራሙ ድምፅ ጉልበት ይጠፋል። ሳጥኑ አየር እንዳያስወጣ ጠርዙን በሚገባ አትሞ ብሎኖቹን በመስቀል ቅደም ተከተል ማጥበቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታትም በዝቅተኛ ድምፅ ማጫወት ያስፈልጋል።