በራስ መሥራት ወይስ በውል መግባት፦ የጭነት መኪና ባለንብረቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ጥቅምት ጎንደር አጠገብ አዘዞ ላይ ከአንድ ጎሚስታ ደጅ ጎማ እያስጠገንኩ ሳለ፣ አንድ ወጣት ባለንብረት ኤፍኤስአር የሚባለውን የኢሱዙ ጭነት መኪናውን አጠገቤ አቁሞ ወረደና «ጋሼ፣ እባክዎ ይችን ሒሳብ ይዩልኝ» ብሎ ደብተር ዘረጋልኝ። በገጹ ላይ የሰፈረው አንድ ማባዣ ብቻ ነበር፤ የኩንታል ዋጋ ሲባዛ በኩንታል ብዛት። መኪናውን በውል ካስገባበት፣ ጭነት እየሰጠ ኮሚሽን ከሚቆርጥ ድርጅት ወጥቶ ጭነቱን ራሱ እየፈለገ ቢሠራ በአንድ ጉዞ 10,000 ብር ብልጫ እንደሚያገኝ ያ ማባዣ ስለነገረው፣ ውሉን ለማፍረስ ቆርጦ ነበር። ይህንኑ ማባዣ በተለያየ ሰው እጅ ጽሑፍ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። እኔ ከሃያ ሁለት ዓመት የመሪ ላይ ኑሮዬ ግማሹን በራሴ፣ ግማሹን በውል ሠርቻለሁ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ለማለት ሳይሆን፣ ሰው መኪናውን የሚያጣባቸውን ስህተቶች ለማሳየት ይህን እጽፋለሁ።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ገቢን በመሄጃው ጭነት ዋጋ ብቻ መለካት ነው። ክፍያው የሚገኘው መኪናው ጭኖ ሲሄድ ነው፤ ናፍጣው ግን ባዶ ሲመለስም ይቃጠላል፣ ጎማውም ያልቃል፣ ቀኑም ይቆጠራል። ከጎንደር አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 1,460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከሉም ዓባይ በረሃ አለ። ከደጀን እስከ ወንዙ ወርዶ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል፤ ሲመለስም ያው ዳገት ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ ረስቶ «እከሌ በኩንታል ይህን ያህል ከፈለኝ» ብሎ መደሰት ግማሹን ሒሳብ ሠርቶ ደብተሩን እንደ መዝጋት ነው።

ለወጣቱ የሠራሁለትን ስሌት እነሆ፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል የወሰድኳቸው እንጂ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደሉም። በራሱ የሚሠራው ሰው አዲስ አበባ ድረስ በ70,000 ብር ጫነ እንበል። ደላላው 5 በመቶ፣ ማለትም 3,500 ብር ወሰደ። ናፍጣ መሄጃው 23,000፣ ባዶ መመለሻው 17,000 ብር ሆነ። የመልስ ጭነት ፍለጋ አምስት ቀን ቆሞ ለመኪና ማሳደሪያ፣ ለምግብና ለረዳት 4,000 ብር አወጣ፤ ጭነቱም ሳይገኝ ተመለሰ። በእጁ የቀረው 22,500 ብር ነው፤ የፈጀበት ጊዜ ዘጠኝ ቀን ስለሆነ በቀን 2,500 ብር ማለት ነው። በውል የገባው ደግሞ መሄጃውን በ60,000፣ መመለሻውን በ30,000 ብር ጫነ፤ ድርጅቱ ከጠቅላላው 10 በመቶ፣ 9,000 ብር ቀነሰበት። ሲመለስም ጭኖ ስለሆነ ናፍጣው 44,000 ብር ደረሰ፤ ለማራገፍና ለመጫን ሁለት ቀን ቆሞ 1,000 ብር አወጣ። የቀረው 36,000 ብር ሲሆን ስድስት ቀን ብቻ ስለፈጀበት በቀን 6,000 ብር ይደርሰዋል። የመሄጃ ዋጋው በ10,000 ብር ያነሰው፣ ኮሚሽን የተቆረጠበት፣ ናፍጣም የበለጠ ያቃጠለው ሰው በቀን ሲታሰብ ከሁለት እጥፍ በላይ አተረፈ!

ነገሩ የሚገለበጥበትም ጊዜ አለ። ድርጅቱ የመልስ ጭነት ካልሰጠና የሌላ ሰው ጭነት እንዳይጭኑም በውሉ ከከለከለ፣ በውል የገባው ሰው የሁለቱንም ወገን ጉዳት ይሸከማል፤ ዝቅተኛ ዋጋም ባዶ መመለስም። በአንጻሩ አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ለዓመታት የሚያውቁት ሁለትና ሦስት ነጋዴ ያለው፣ ገና ከጎንደር ሳይነሳ መመለሻውን በስልክ የሚጨርስ ባለንብረት በራሱ ቢሠራ ይሻለዋል። ስለዚህ ሊነጻጸር የሚገባው የኩንታሉ ዋጋ ሳይሆን፣ መኪናው ከጎንደር ወጥቶ ጎንደር እስኪመለስ ባሉት ቀናት ውስጥ በቀን የሚቀረው ገንዘብ ነው። ይህን የሚጠይቀኝ ሰው በመቶ አንድ አይሞላም፤ የኩንታሉን ዋጋ ግን የማይጠይቅ የለም። አንዳንዱም መኪናው ባንክ ሲወስድበት «ሥራው ቀዘቀዘ» ይላል እንጂ ባዶ የነዳውን ኪሎ ሜትር ቆጥሮ አያውቅም።

ቀጥሎ የሚመጣው የጎማን ገንዘብ እንደ ትርፍ መብላት ነው። አንድ ጎማ 30,000 ብር ቢሆን የኤፍኤስአር ስድስት ጎማ 180,000 ብር ነው፤ 60,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል በየኪሎ ሜትሩ 3 ብር፣ በአንድ የአዲስ አበባ ደርሶ መልስም 4,380 ብር ከጎማው ላይ ተፍቆ ይቀራል። ከላይ የጠቀስኳቸው 22,500ም ሆነ 36,000 ብር ይህ ሳይቀነስላቸው ነው፤ የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮንና ባልስትራም ገና አልተነሱም። እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ በምሠራበት ዘመን ነው፤ ሁለት የሰሊጥ ወቅት በተከታታይ ጥሩ ገንዘብ አግኝቼ ቤት ማደስ ጀመርኩ፤ በሦስተኛው ዓመት የኋላ አራት ጎማዎች በአንድ ወር ሲያልቁ ከዘመድ ተበድሬ ገዛሁ። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ከብዷል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሣ መጥቷል፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ከውጭ የሚመጣ ጎማና መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። አምና ለጎማ ያስቀመጡት ገንዘብ ዘንድሮ ያንኑ ጎማ ላይገዛ ስለሚችል፣ የሚቀመጠው ሒሳብ በየጊዜው መከለስ አለበት። በውል የገባም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም፤ አብዛኛው ውል ጎማንና ጥገናን በባለንብረቱ ላይ የሚጥል ነውና።

ራሱ የሚነዳ ባለንብረት ለራሱ የሾፌር ደመወዝ ሳይቆርጥ «አተረፍኩ» ቢል፣ ያተረፈው ለሌላ ሾፌር ይከፍለው የነበረውን ገንዘብ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ውልን ሳያነቡ መፈረምም ብዙ ቤት አፍርሷል። ሰው የኮሚሽኑን መጠን ካየ ሌላውን አያነብም፤ ዋናው ነገር የተቀመጠው ግን በሌሎቹ አንቀጾች ውስጥ ነው። የናፍጣ ዋጋ መንግሥት በየጊዜው እየከለሰ የሚያውጀው ሆኖ ሳለ፣ የጭነት ዋጋን ለዓመት የሚያስር ውል ናፍጣ ሲጨምር ምን እንደሚደረግ ካልተናገረ ጭማሪው ሁሉ በባለንብረቱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ማራገፊያ ቦታ ተራ ሲጠብቁ ለሚያልፉት ቀናት ማን ይከፍላል? ጭነቱ ሲመዘን ቢጎድል በማን ይታሰባል? መንገድ ተዘግቶ መኪናው በጉዞ ላይ ሳለ ቢቆምስ? በእኛ አካባቢ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በሐሳብ ብቻ የሚነሳ አይደለም፤ ባለፉት ዓመታት መኪናው ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ቆሞ የሰነበተበት ሁሉ ያውቀዋል። ባለንብረቱ መውጣት ቢፈልግ ስንት ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ እንዳለበትም መጻፍ ይገባዋል።

እኔን የጎዳኝ ክፍያን የሚመለከተው አንቀጽ ነበር። አንድ ድርጅት ዘንድ በውል ስገባ «ክፍያ የርክክብ ሰነድ በቀረበ በ30 ቀን ውስጥ ይፈጸማል» የሚለውን አንብቤ 30 ቀን እችላለሁ ብዬ ፈረምኩ። «በቀረበ» የሚለውን ቃል ግን ልብ አላልኩትም። በአንድ ጉዞ ላይ መጋዘኑ ማኅተም ያደረገበትን ሰነድ ከመሪው ፊት ለፊት ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ መስኮቱን ከፍቼ ነዳሁ፤ ጎንደር ስደርስ ሰነዱ አልነበረም። ያስረከብኩት እህል ከተሸጠ በኋላ እንኳ ሰነድ አልቀረበም ተብሎ፣ ምትኩን አጽፌ እስካመጣ ድረስ ክፍያው አራት ወር ቆየ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የናፍጣውን ዕዳ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ማኅተሙ ሳይደርቅ በስልኬ ፎቶ አነሣዋለሁ፤ ሰነዱንም በሸሚዝ ኪሴ እንጂ በመኪና ውስጥ አላስቀምጥም። በራሱ የሚሠራውም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ የደላላ ቃል ብቻ ይዞ የሚጭን ሰው ገንዘቡ ቢቀር የሚያሳየው ወረቀት እንኳ የለውም።

ስለ ኢንሹራንስ በአጭሩ ልናገር። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሚሸፍነው በሌላ ሰው ላይ የደረሰን ጉዳት እንጂ የእርስዎን መኪናም የጫኑትንም ዕቃ አይደለም። በውል የገቡ ባለንብረቶች «ድርጅቱ ዋስትና አለው» ሲባሉ ያ ዋስትና ለዕቃው ይሁን ለመኪናው ሳይጠይቁ ይቀራሉ።

ከመጠን በላይ መጫን ትርፍ የሚመስለው ከአይከል ወደ ገንዳ ውኃ ቁልቁል ሲወርዱ ፍሬን መሽተት እስኪጀምር ድረስ ነው።

ወቅትን አለማየት በተለይ ወጣቶችን ያታልላል፤ በዚህ እኔም አልፈርድባቸውም። ሰሊጥ ተወቅቶ ከመተማና ከሁመራ በሚጫንበት በጥቅምትና በኅዳር መኪና ይፈለጋል፣ ዋጋው ይወጣል፣ ደላላው ራሱ ደውሎ ይለምናል። በዚህ ወቅት በውል ያለ ሰው ጓደኛው በራሱ እየሠራ የሚያገኘውን ሲያይ ልቡ ይሸፍታል። ነገር ግን የሁለት ወር ዋጋ የዓመት ዋጋ አይደለም፤ ክረምት ሲገባና ጭነት ሲጠፋ ውል ያለው ሰው በየሳምንቱ ሲጭን፣ ውሉን ያፈረሰው መኪናውን ደጁ አቁሞ የባንክ ቀን ይቆጥራል። ድርጅቶቹም በሰሊጥ ወቅት ጥሎ የሄደን ሰው በክረምት በዚያው ዋጋ አይቀበሉትም። የአሥራ ሁለቱን ወር ገቢ በየወሩ ያልጻፈ ሰው ይህን ውሳኔ ባይወስን እመርጣለሁ።

ደረሰኝን በተመለከተ፣ ከፋዩ ድርጅት ቅድመ ግብር ከቀነሰ የቀነሰበትን ደረሰኝ በዕለቱ ይቀበሉ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ለመለመን መሄድ ከባድ ነው። የጎማና የመለዋወጫ ግዢም ያለ ደረሰኝ ከሆነ በግብር ሒሳብ ላይ እንደ ወጪ የሚያስይዙት ነገር አይኖርዎትም።

ወደዚያ ወጣት ልመለስ። ጎማዬ ተጠግኖ እስኪገጠም ድረስ ጎሚስታው በሰጠን ዱካ ላይ ተቀምጠን ደብተሩን እንደገና ሠራነው። መመለሻውን ማን እንደሚያስጭነው፣ አዲስ አበባ ስንት ቀን እንደሚቆምና ገንዘቡን መቼ እንደሚቀበል ስጠይቀው ለሦስቱም መልስ አልነበረውም፤ ግን አልተቆጣም፣ አዲስ ገጽ ገልጦ ሦስቱንም ጻፋቸው። ውሉን አላፈረሰም። በጥር ሊያድሰው ሲሄድ ድርጅቱ በወር ቢያንስ ሁለት የመልስ ጭነት እንዲሰጠውና ናፍጣ ሲጨምር የጭነቱ ዋጋ እንዲከለስ ሁለት ዐረፍተ ነገር እንዲገባለት ጠየቀ። የመልስ ጭነቱን ተቀበሉት፤ የናፍጣውን በሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን አሉት።