«እስቲ ልየው» ስንት ያስከፍላል? የጀማሪ ፖከር ተጫዋች ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ጅማ ላይ ዝናብ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቡና ልጠጣ ብሎ የገባ ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀመጣል። እኔና ጓደኞቼ ፖከርን የለመድነው እንደዚያ ነው። የምንጫወተው በስልክ፣ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ነው። ብላይንዷ፣ ማለትም ሁለት ተጫዋቾች በየተራ ካርታቸውን ሳያዩ በግድ የሚያስገቡት፣ 1 እና 2 የዶላር ሳንቲም ነው። ሙሉ መግቢያዋ 2 ዶላር፣ ማለትም የትልቁ ብላይንድ 100 እጥፍ ነው።

ብዙ ጀማሪ አብሮን ተቀምጧል። አቤቱታቸው ይመሳሰላል። የአብዛኛው አቤቱታ ሥር ደግሞ አንድ ነው፤ «እስቲ ልየው» የምትለው ነገር። ካርታው እንደማይረባ ሰውየው ያውቃል። ግን ቀጣዩን ካርታ ለማየት ይከፍላል። ከታች ያሉትን ችግሮች ስታነቡ ይህችን ቃል ልብ በሉ።

«ትልቅ ሽንፈት የለብኝም፤ ገንዘቤ ግን አለቀ»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይህንን ነው። ሰውየው ሙሉ ገንዘቡን አስገብቶ አልተበላም። ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ 2 ዶላሩ 90 ሳንቲም ሆኗል።

ምክንያቱ ብዙ እጅ (የሚታደሏችሁን 2 ካርታዎች) መጫወት ነው። እኛ ያደግነው በኮንከር ነው። እዚያ የደረሰህን ካርታ ይዘህ ትጨርሳለህ፤ እጅን ሙሉ በሙሉ ጥሎ ከዙሩ መውጣት የሚባል ልማድ የለንም። በፖከር ግን መጣል ራሱ ዋናው ጨዋታ ነው። በአካባቢያችን ቡና የሚለቅም ሰው ቀዩን እሸት ለይቶ ይለቅማል፤ አረንጓዴውን ዛፉ ላይ ይተወዋል። ካርታም እንደዚያው ነው።

ታዲያ ሁሉንም መጣል ነው? አይደለም። 6 ሰው ባለበት ጠረጴዛ አንድ ዙር ሲሞላ ሁለቱን ብላይንዶች፣ ማለትም 3 ሳንቲም ትከፍላላችሁ። 100 እጅ ብቻ ብትጥሉ 50 ሳንቲም ገደማ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ መጫወት ግድ ነው፤ ጥያቄው ከየትኛው ወንበር የሚለው ነው።

ጅሬን ወጥቶ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አጠገብ የቆመ ሰው ከተማውን ከላይ ያየዋል። የዲለር (የካርታ አዳይ) ምልክት ያለበት ወንበርም እንደዚያ ነው። ከፍሎፕ በኋላ፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ 3 የጋራ ካርታዎች ከተገለጡ በኋላ፣ ሁሌም የመጨረሻው ወሳኝ እናንተ ናችሁ። ሌላው ምን እንዳደረገ አይታችሁ ትወስናላችሁ። እዚያ ስትሆኑና ከፊታችሁ ያሉት ሲጥሉ እጃችሁን ሰፋ አድርጉ። ጥንድ ሁሉ፣ ኤስ ከማንኛውም ባለ አንድ ምልክት ካርታ ጋር፣ ተከታታይ ቁጥር ያላቸው ባለ አንድ ምልክት ካርታዎች ይሠራሉ። ቀድማችሁ በምትወስኑበት ወንበር ግን ጠበቅ አድርጉ። ጥንዶች፣ ኤስ-ኪንግ፣ ኤስ-ኩዊን፣ ምልክታቸው አንድ የሆነ ኤስ-ጃክና ኪንግ-ኩዊን ይበቃሉ። ሲደመር ከ5 እጅ 1 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ትጫወታላችሁ።

ስትገቡ ደግሞ በሬዝ፣ ማለትም ውርርዱን ከፍ አድርጋችሁ ግቡ። 2 ሳንቲም ብቻ ከፍሎ ሾልኮ መግባት ይቅር። 6 ሳንቲም አድርጉት። ከፊታችሁ ሾልኮ የገባ ካለ በያንዳንዱ ሰው 2 ሳንቲም ጨምሩ። ሬዝ ያደረገ ሰው ሌሎቹ ከጣሉ ፍሎፕ ሳይገለጥ ያሸንፋል። ሾልኮ የገባ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም።

አንድ ወጥመድ አለ። ትንሹ ብላይንድ ላይ ሆናችሁ «ግማሹን ከፍያለሁ፤ ሌላዋን 1 ሳንቲም ልጨምርና ልየው» አትበሉ። ከፍሎፕ በኋላ ቀድሞ የሚናገረው ያ ወንበር ነው። ከሁሉም ይከፋል።

«ሁለት ኤስ ይዤ ሁልጊዜ እሸነፋለሁ»

ሁልጊዜ አይደለም። ሁለት ኤስ በአማካይ ከ221 እጅ 1 ጊዜ ነው የሚመጣው። ጥቂት ስለሚመጣ ሽንፈቱ ልብ ላይ ይቀራል።

ግን ብዙ ጀማሪ በራሱ እጅ ያበላሸዋል። ሰው እንዳይሸሽ ብሎ ዝም ይላል፣ 4 ሰው በ2 ሳንቲም አብሮት ይገባል። ሁለት ኤስ ያልታወቀ ካርታ ከያዘ አንድ ሰው ጋር ቢጋጠም 85 ከመቶ ገደማ ያሸንፋል። ከ4 ሰው ጋር ሲሆን ወደ 56 ይወርዳል። መፍትሄው ግልፅ ነው፤ ሬዝ አድርጉ፣ ፍሎፕ ላይም መወራረዱን ቀጥሉ። በእነዚህ ጠረጴዛዎች ሰው በደካማ ጥንድ ይከፍላል። አስከፍሉት።

ሌላም አለ። ሲጠራ ብቻ፣ ማለትም የሌላውን ውርርድ እኩል እየከፈለ ሲከተል ብቻ የነበረ ዝምተኛ ተጫዋች የመጨረሻዎቹ ካርታዎች ላይ ድንገት በትልቁ ሬዝ ካደረገ እመኑት። ትንሹ ጠረጴዛ ላይ ያ ሰው ብላፍ የሚያደርገው፣ ማለትም ደካማ ካርታ ይዞ የሚያስፈራራው፣ ከስንት አንዴ ነው። ሁለት ኤስ ያን ጊዜ አንድ ጥንድ ብቻ ነው። መጣል ያማል፤ አውቃለሁ። ጣሉት።

«አንድ ካርታ ብቻ ነበር የጎደለኝ»

እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው በዚህ ቀዳዳ ነውና።

4 ባለ ልብ ካርታ አላችሁ እንበል፤ 2ቱ እጃችሁ ላይ፣ 2ቱ ከጋራ ካርታዎቹ። 5ኛው ከመጣ ፍላሽ ይሆናል። 13 ልብ አለ፤ 4ቱን አይታችኋል፤ 9 ቀረ። ተርን (4ኛው የጋራ ካርታ) ወጥቶ ሪቨር (5ኛውና የመጨረሻው) ብቻ ከቀረ ያላያችኋቸው ካርታዎች 46 ናቸው። 9 ከ46፣ ከ5 ጊዜ 1 ገደማ ማለት ነው።

ፖቱ (መሃል ላይ የተሰበሰበው ገንዘብ) ላይ 10 ሳንቲም አለ። ተቃራኒያችሁ 5 አስገባ። እናንተ 5 ከፍላችሁ 15 ልታገኙ ነው። 5 ጊዜ ይህንን አደረጋችሁ እንበል። 4ቱን ጊዜ 5 ሳንቲም ታጣላችሁ፤ 20 ሆነ። አንዴ 15 ታገኛላችሁ። በ5 ጊዜ 5 ሳንቲም ጠፋ። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በየምሽቱ ይደጋገማል።

ይህ ማለት ሁልጊዜ ይጣል ማለት አይደለም። ልቡ ሲመጣ ከሰውየው በአማካይ ከ5 ሳንቲም በላይ ተጨማሪ የምታገኙ ከሆነ መክፈል ያዋጣል። በሁለት ጥንድ የማይጥል ሰው ከሆነ ክፈሉ። ልክ ከጋራ ካርታዎቹ 3ኛው ልብ ሲወጣ የሚሸሽ ከሆነ ጣሉ። ሙሉ ፖቱን ካስገባባችሁ ደግሞ ከ3 ጊዜ 1 ማሸነፍ ይጠበቅባችኋል፤ እናንተ ያላችሁ ከ5 አንድ ነው። ርቀቱ ሰፊ ነው።

ስልክ ላይ በፍጥነት ለማስላት፣ አንድ ካርታ ሲቀር የሚጠቅሟችሁን ካርታዎች በ2 አባዙ፤ 9 በ2፣ 18 ከመቶ። ፍሎፕ ላይ ሆናችሁ ሁለቱንም ካርታ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የምታዩ ከሆነ በ4 አባዙ፤ 36 ከመቶ። ትክክለኛው 35 ነው፤ በቂ ነው።

«ብላፌን ሁሉም ይጠራዋል»

ምክንያቱም እነሱም «እስቲ ልየው» እያሉ ነው። የፖቱን ግማሽ አስገብቶ ብላፍ ያደረገ ሰው ሌላው ከ3 ጊዜ 1 ካልጣለለት ይከስራል። የማይጥል ሰው ላይ ብላፍ አይሠራም። ከአንድ ሰው በላይ ፊታችሁ ካለ ተውት፤ ጥሩ ካርታ ሲኖራችሁ ብቻ በደንብ አስከፍሉ።

«ማታ ያገኘሁትን ሌሊት መለስኩት»

ከ3 ሰዓት ምሽት በኋላ አውሮፓም መሽቶ ከሥራ የወጣው ሰው ይገባል። ጠረጴዛው ለስለስ ይላል። ስለዚህ ሰው ማምሸት ይወዳል። ግን እንቅልፍ ሲመጣና አንድ መጥፎ ሽንፈት ሲደርስ እጅ ራሱ ይጫናል። ተጫዋቾች ቲልት ይሉታል።

መፍትሄው ከመቀመጣችሁ በፊት ነው የሚወሰነው። 2 መግቢያ፣ ማለትም 4 ዶላር ከጠፋ ይዘጋል። ለትንሿ ጠረጴዛ ከ20 እስከ 30 መግቢያ፣ 40 እስከ 60 ዶላር ለብቻው ይቀመጥ ይባላል። ይህ ገንዘብ ቢጠፋ ከቤት የሚጎድል ነገር መኖር የለበትም። ካለ በነፃው ቺፕ (እውነተኛ ባልሆነ የጨዋታ ገንዘብ) ተለማመዱ። ስትጫወቱም ወደ ብር አትመንዝሩት፤ በብላይንድ ቁጠሩ። «ይህ የምሳ ሒሳብ ነው» እያለ የሚያስብ ሰው ትክክለኛውን መጥራት ይፈራል።

አንድ ነገር ግን በስትራቴጂ አይፈታም። ለመጫወት የተበደራችሁ ከሆነ፣ ወይም ከቤተሰብ የምትደብቁት ከሆነ፣ የካርታ ምርጫ አያድናችሁም። አቁሙ። ለምትቀርቡት ሰው ዛሬውኑ ንገሩ። ብዙ ገፆች ላይ ራስን የማገድ አማራጭ አለ፤ ተጠቀሙበት። ይህንን የምጽፈው ጎበዝ ልጆች እዚህ ሲገቡ ስላየሁ ነው።

«ኔትወርኩ ሄዶ እጄን ጣለብኝ»

መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል። ጊዜያችሁ ሲያልቅ ጨዋታው ካርታችሁን ይጥለዋል። ሌላ መላ የለውም፤ የሞባይል ዳታ ከጎን አዘጋጁ፣ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ክፈቱ። ኔትወርኩ ሲንገጫገጭ ቀጣዩ ብላይንድ ሳይደርስ ተነሱ።

«እየተሻሻልኩ ይሁን አይሁን አላውቅም»

በሳምንት ውጤት አትለኩት። በአንድ ጠረጴዛ በሰዓት 70 ገደማ እጅ ነው የሚጫወተው። 10,000 እጅ ለመሙላት ከ140 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያም ሆኖ ዕድል ገና ጣልቃ ይገባል። በዚያ ላይ ገፁ ካሸነፋችሁት ፖት ብዙ ጊዜ 5 ከመቶ ገደማ ይቆርጣል። እኩል የሚጫወት ሰው በዚህ ብቻ ይከስራል።

እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። እሁድ ከሰዓት ቡና ይፈላል፤ እያንዳንዱ ከሳምንቱ 3 እጅ ይዞ ይመጣል፣ ያሸነፈውንም ጭምር። ውጤቱ መጀመሪያ አይነገርም። ወንበሩ የት ነበር፣ ፖቱ ስንት ነበር፣ ለመጥራት ስንት ይጠይቅ ነበር፣ ምን ያህል ዕድል ነበረው። ሌሎቹ «እኔ እጥል ነበር» ወይም «እጠራ ነበር» ይላሉ፣ ምክንያታቸውንም ይናገራሉ። የመጨረሻው ካርታ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው።