ሄፓታይተስ ሲ፦ ቫይረሱን መቼ እንለካ?

ጎንደር ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ከአዘዞ የሚመጡ አንዲት እናት ውጤታቸውን ዘርግተው «ልጄ፣ ቫይረሱ ሚሊዮን ገባ፤ አለቀልኝ?» አሉኝ። ኧረ በጭራሽ! የቫይረሱ መጠን ጉበት ምን ያህል እንደተጎዳ አይናገርም። ለዚያ ሌላ ምርመራ አለ።

የአንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው) ምርመራ ፖዘቲቭ ካለ አር ኤን ኤ (የቫይረሱን ዘረ-መል) አስለኩ፤ ቫይረሱ አሁንም በደም ውስጥ መኖሩን የሚያሳየው እሱ ነው። መድኃኒት ሳትጀምሩ ሄፓታይተስ ቢም ይታይ፣ በሕክምናው ወቅት ሊቀሰቀስ ይችላል። ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር የተባሉት መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ሳምንት ይዋጣሉ። በመሃል ደጋግሞ መለካት ለብዙ ሰው፣ እንደኔ፣ ብር ማባከን ነው። ገንዘባችሁን መድኃኒቱ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ ለሚደረገው የቫይረስ ልኬት አቆዩት። ያኔ ቫይረሱ ካልተገኘ ድናችኋል። አንቲቦዲው ግን ከዳናችሁም በኋላ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፤ አትደንግጡ። ሲሮሲስ (ከባድ የጉበት ጠባሳ) ያለበት ሰው ቢድንም በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይነሳ።