በግማሽ ቁም ሳጥን የወንድ የበጋ ልብስ እንዴት እንደሚደራጅ

ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ ወይም ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ተነስቶ መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው በበጋ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ወቅት ያሳልፋል። ንጋት 12 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ሲይዝ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ ቀን 7 ሰዓት ላይ ያው ሰው ጃኬቱን በክንዱ ይዞ ጥላ ጥላውን ይሄዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ቀኑ ግን 23 እና 24 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ ለሞቃት አገር የሚሰጠው ምክር፣ ማለትም ቁምጣ፣ ካናቴራና ክፍት ጫማ፣ እዚህ ከቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የዘለለ አገልግሎት የለውም። የእኛ የበጋ ልብስ ጠዋት ተደራርቦ የሚለበስ፣ ሲሞቅ አንድ በአንድ የሚወልቅ፣ ወልቆም ቦርሳ ውስጥ የሚገባ መሆን አለበት። ልብሱ በዚህ መንገድ ከተመረጠ ብዛት አያስፈልገውም፤ ከባለቤት ወይም ከወንድም ጋር የሚካፈሉት ቁም ሳጥንም ይበቃዋል።

መጀመሪያ ቁም ሳጥኑን ይለኩ

አብዛኛው ሰው ከመግዛት ይጀምራል፤ እኔ ከሜትር እንዲጀምሩ እመክራለሁ። የቁም ሳጥኑ የመስቀያ ዘንግ አንድ ሜትር ከሆነና ግማሹ የባለቤትዎ ከሆነ፣ የእርስዎ ድርሻ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። በስስ መስቀያ ላይ የተሰቀለ ሸሚዝ ሳይጨማደድ ለመቀመጥ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በእጥፉ የተሰቀለ ሱሪም እንደዚያው ነው። ትከሻው የተሞላ ኮት ግን 8፣ ጃኬት 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወስዳል። አንድ ኮት፣ አንድ ጃኬት፣ ሦስት ሱሪና አምስት ሸሚዝ ሲደመሩ 38 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። የቀረውን 12 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይተዉት፤ ልብስ ከልብስ ተጣብቆ የተሰቀለበት ቁም ሳጥን ጠዋት በተጣደፉ ሰዓት ሁሉንም ጨምድዶ ያስረክብዎታል።

ከዚያ ያለዎትን ልብስ በሙሉ አውጥተው አልጋ ላይ ይዘርግፉት። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ የለበሱትን በአንድ ወገን፣ የክረምቱን በሌላ ወገን፣ ያልነኩትን ደግሞ ለብቻው ይክመሩ። ሦስተኛውን ክምር በጥሞና ይመልከቱት፤ ያልለበሱበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ የወለቀ ቁልፍ፣ የተበላሸ ዚፕ ወይም የጠበበ ወገብ ነው። በሳምንት ውስጥ ልብስ ሰፊ ዘንድ የማያደርሱት ከሆነ ከዚያ በኋላም አያደርሱትምና ለሚለብሰው ሰው ይስጡት፤ ወይም «ልዋጭ!» እያለ በብሎኮቹ መካከል ለሚዞረው ሰው ሰጥተው ሳፋ ይቀይሩበት። ሳፋው ኋላ ለአጠባው ይፈለጋል።

የክረምቱ ወፍራም ጃኬትና ቦት ጫማ በሻንጣ ሆነው ከአልጋ ሥር ይግቡ። ልብሱ ሳይታጠብና በደንብ ሳይደርቅ ግን ሻንጣው እንዳይዘጋ፤ ብል የሚበላው የሱፍ ልብስን ሲሆን በተለይ ላብና የምግብ ፍንጣቂ ያለበትን ይመርጣል። ንጹሕ ጥጥን እምብዛም አይነካውም።

ብዛቱን ውሃው ይወስነው

ስንት ሸሚዝ ይበቃል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ከቧንቧው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ልብስ የሚታጠበው በፈለጉት ቀን ሳይሆን ውሃው በመጣበት ቀን ስለሆነ፣ በሁለት አጠባ መካከል ያለውን ረጅሙን ጊዜ ይቁጠሩና ከላይ የሚለበሰውን በዚያው ቁጥር አድርገው አንድ መጠባበቂያ ይጨምሩበት። በሳምንት አንዴ የሚያጥብ ሰው ስምንት ይበቃዋል ማለት ነው፤ አምስት ሸሚዝና ሦስት ኮሌታ ያላቸው ቲሸርቶች። ሱሪ በአንድ አጠባ ሁለት ሦስት ቀን ስለሚለበስ ሦስት ሱሪ ሳምንቱን ይሸፍናል። ካልሲና የውስጥ ሱሪ ላይ ግን አይቆጥቡ፤ ቦታ አይፈጁም፣ ውሃ የጠፋ ዕለትም መጀመሪያ የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ከእያንዳንዳቸው አሥር ያኑሩ።

ምን ምን ይኑር

ሦስቱ ሱሪዎች አንድ ካኪ፣ አንድ ግራጫ የጨርቅ ሱሪና አንድ ጠቆር ያለ ጂንስ ቢሆኑ ለቢሮም ለሰፈርም ያገለግላሉ። በቀለም ረገድ የዳርቻ ነዋሪ ከመሀል ከተማ ነዋሪ የሚለይበት ጉዳይ አለው፤ እሱም አቧራ ነው። አስፋልት ያልደረሰበት መንገድ ላይ አሥር ደቂቃ በእግር የሚሄድ ሰው ጥቁር ሱሪ ቢለብስ እስከ ጉልበቱ ዱቄት የነካው ይመስላል። እኔ ራሴ በአንድ የበጋ መጀመሪያ፣ ልብስ ቤት መስታወት ፊት አምሮብኝ፣ ነጭ ሱሪ ገዝቼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከሚኒባስ ስወርድ የቀኝ እግሩ ከበሩ ጠርዝ ጋር ተነካክቶ ጥቁር የቅባት መስመር ያዘ፤ የግራው ደግሞ ቤት እስክደርስ የመንገዱን አፈር ለብሶ ቡናማ ሆነ። ሁለት ጊዜ ታጥቦ መስመሩ ስላልለቀቀ ዛሬ የመስኮት መወልወያ ነው። ካኪ፣ ፈዘዝ ያለ ቡኒና ግራጫ ራሳቸው የአፈር ዘመድ ስለሆኑ አቧራውን ያስታርቁታል።

ከሸሚዞቹ ሁለቱ ነጭ፣ ሁለቱ ቀላል ሰማያዊ ይሁኑ፤ አምስተኛው እንደ ወደዱት። ቲሸርቶቹ ጽሑፍና ትልልቅ ሥዕል የሌለባቸው ቢሆኑ ከሦስቱም ሱሪ ጋር ይሄዳሉ። ሦስት ሱሪ በስምንት ሲባዛ 24 ዓይነት አለባበስ ይሰጣል፤ በላዩ ላይ ሹራብ፣ ጃኬት ወይም ኮት ሲደረብ፣ ወይም ምንም ሳይደረብ ሲቀር፣ ስሌቱ 96 ይደርሳል። በወረቀት ላይ ነው፤ ቲሸርት ላይ ኮት መደረቡን የማይወድ ሰው ብዙውን ይጥለዋል። ግማሹ እንኳ ቢጠቅም ግን የሥራ ባልደረቦችዎ ያለዎት ሦስት ሱሪ ብቻ መሆኑን አያውቁም።

ከላይ የሚደረበው ላይ ጊዜ ሰጥተው ይምረጡ፤ የበጋው ልብስ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ሹራቡ ስስና ከፊት በቁልፍ ወይም በዚፕ የሚከፈት ይሁን። በአንገት የሚጠለቅ ሹራብ በተጣበበ ታክሲ ውስጥ ማውለቅ ማለት የጎረቤትን ፊት በክርን መምታት ነው፤ ከፊት የሚከፈተው ግን ሲሞቅ ይከፈታል፣ ሲብስ ይወልቃል፣ ተጠቅልሎም የምሳ ዕቃው አጠገብ ይገባል። ጃኬቱም ነፋስ የሚመልስ ስስ ጃኬት ይሁን፤ ከውስጥ ጥጥ የተሞላው ወፍራሙ የክረምት ነው። ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ በኩል የሚኖር ሰው በታኅሣሥ ጠዋት ሹራቡንም ጃኬቱንም በአንድ ላይ መደረቡ የማይቀር ሲሆን፣ ዝቅ ባለው በአቃቂ በኩል ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ብቻ ይወጣል። ግዢውን ከራስዎ ሰፈር ብርድ ጋር ያመዛዝኑ።

ኮት አንድ ብቻ፣ ከነሱሪው፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ ይሁን፤ ሱሪው ከሦስቱ ሳይቆጠር ከኮቱ ሥር በዚያው መስቀያ ይሰቀል። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ለቅሶ ደግሞ ወር አይመርጥም። ጠቆር ያለ ኮት በነጭ ሸሚዝና በክራቫት ለሠርግ፣ ያለ ክራቫት ለቅሶ ቤት ያደርሳል፤ ደማቅ ሰማያዊው ወይም ባለመስመሩ ኮት ግን ድንኳን ውስጥ ያሳፍራል። ለጥምቀትና ለቤተ ክርስቲያን የሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ ያለው ሰው አጥፎ መደርደሪያ ላይ ያኑረው። ጋቢን ቁም ሳጥን ውስጥ መክተት ግን የቦታ ብክነት ነው። አራት ድርብ በመሆኑ ሁለት ድርብ ከሆነው ነጠላ ይልቅ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ሌሊት አልጋ ላይ ተደርቦ፣ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ተከናንበውት ቢያገለግል ይሻላል።

ጫማ ሦስት ይበቃል፤ ሊስትሮ የሚያነሳው ቡኒ ቆዳ ጫማ፣ ሸራ ጫማና የቤት ክፍት ጫማ።

ሲገዙ

መርካቶም ሆነ ሰፈር ውስጥ ሰልቫጅ የሚገዛ ሰው ቦንዳ የተፈታበትን ቀን ጠይቆ በጠዋት ቢሄድ ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ የሚቀረው ሌላው አይቶ የጣለው ነው። ሸሚዙን ወደ ብርሃን ዘርግተው ይዩት፤ ክርኑና ጀርባው ላይ ብርሃኑ እንደ ወንፊት ካለፈ ጨርቁ አልቋል። ቀጥለው ብብቱን፣ የኮሌታውን እጥፋትና የሱሪውን የውስጥ እግር ስፌት በሁለት እጅ ሳብ አድርገው ይፈትሹ፤ ዚፑንም ሁለት ሦስት ጊዜ ያመላልሱት። የጎደለ ቁልፍ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማል እንጂ ልብሱን የሚያስጥል ጉድለት አይደለም።

ጨርቁ ጥጥ መሆኑን የሚገልጸው ምልክት ከተቆረጠ፣ ቤት ሲገቡ ከውስጥ ጫፉ አንድ ክር መዘው፣ በመቆንጠጫ ይዘው በክብሪት ይለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና እንደ ዶቃ ጠጥሮ ይቀራል። ለበጋ ጥጥ የሚመረጠው ላብን ስለሚመጥና አየር ስለሚያሳልፍ ነው፤ ጥቂት ፖሊስተር የተቀላቀለበት ሸሚዝ ግን ቶሎ ስለሚደርቅና ካውያ ስለማያስቸግር አልጠላውም፤ መብራት በጠፋ ማለዳ ባለውለታ ነው።

አንድ ነገር በተለይ አደራ እላለሁ። የጥጥ ሱሪ ከመታጠቡ በፊት እግሩን አያሳጥሩት። በመጀመሪያው አጠባ ጥጥ ይሰበሰባል፤ እኔ ከሱቅ እንደወጣሁ በቀጥታ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስጄ በልኬ ያሳጠርኩት ካኪ፣ ከሳፋው ሲወጣ ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ካልሲዬን ማሳየት ጀመረ። ጥፋቱ የሰፊው አልነበረም። አሁን ሁለት ጊዜ አጥቤ፣ የምጫማውን ጫማ አድርጌ ነው ልክ የማስወስደው፤ የተረፈውን ጫፍም እንዳይቆርጠው፣ ወደ ውስጥ እንዲያጥፈው አስጠነቅቀዋለሁ።

ሲያጥቡና ሲያስቀምጡ

በከፍታ የፀሐይ ጨረር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይታወቃል። ስለዚህ በረንዳ ላይ ቀኑን ሙሉ የተሰጣ ሰማያዊ ሸሚዝ በአንድ በጋ ትከሻው ይነጣል። ባለቀለሙን ገልብጠው ያስጡ፣ እንደደረቀም ያንሱት፤ ነጩን ፀሐይ አይጎዳውም። የሚሰጣው ከመንገድ በኩል ባለው በረንዳ ከሆነ፣ መኪናው አቧራ ከማንሳቱ በፊት ማለዳ ማንሳት እንዲቻል ማታ አጥቦ ማስጣት የሚመርጡ ሰዎች አሉ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ።

ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ጃኬትና ኮት ይሰቀሉ። ሹራብና ቲሸርት አይሰቀሉም፤ ክብደታቸው ትከሻቸውን ይጎትተውና ቀንድ ያወጣሉ። ከላይ ወደ ታች ከመቆለል ይልቅ ጠበብ አድርገው አጥፈው፣ ደብተር መደርደሪያ ላይ እንደሚቆም ጎን ለጎን ያቁሟቸው፤ የታችኛውን ለማውጣት ክምሩን የማፍረስ ጣጣ ይቀራል፣ ያለዎትም በአንድ እይታ ይታያል።

የበልግ ዝናብ የካቲትና መጋቢት ላይ ሳያስጠነቅቅ ስለሚመጣ ዣንጥላዋ ከቦርሳው አትለይ።

በመጨረሻ መስቀያ ይቁጠሩ። አንድ ለኮት፣ አንድ ለጃኬት፣ ሦስት ለሱሪ፣ አምስት ለሸሚዝ፤ አሥር። አሥሩን ብቻ ይግዙ፤ ትርፍ መስቀያ ቤት ውስጥ ካለም ለባለቤትዎ ወገን ያስረክቡ። መርካቶ ውስጥ ስድስተኛ ሸሚዝ ዓይንዎ ከገባ ከአምስቱ የትኛው ከመስቀያው እንደሚወርድ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይወስኑ፤ የወረደው ደግሞ ልዋጩ በሚመጣበት ጠዋት በር ላይ ይጠብቀው።