ከ45 ዓመት በኋላ ለምትሮጡ፦ ከባታችሁ ጀምሩ

ባለፈው ክረምት ሱሉልታ ሜዳ ላይ ዱብ ዱብ እያልኩ አንድ ወጣት አልፎኝ ሄደ። እሱም ዱብ ዱብ ላይ ነበር፣ ብዙም አልፈጠነም። መሬቱ ዝናብ ጠጥቶ ስለነበር ዱካችን ጎን ለጎን ታትሟል። ስመለስ ቆም ብዬ አየሁት። እሱ ሁለት ጊዜ በረገጠበት ርቀት እኔ ሦስት ጊዜ ረግጫለሁ። ትንፋሼ ደህና ነበር። ልቤም አልተጨነቀም። እግሬ ግን መሬቱን መግፋት ትቶ መዳበስ ጀምሯል። 54 ዓመቴ ነው፣ ከ30 ዓመት በላይ ሮጫለሁ፣ ይህን ግን በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ብዙ እኩዮቼ ሰዓታቸው ሲበላሽ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ኪሎ ሜትር ይጨምራሉ። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበርኩ። ውጤቱ የተረከዝ ጅማት ሕመም ነበር፣ ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እንደ አንካሳ የሚያስኬድ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ከ30ዎቹ ዕድሜ በኋላ ጡንቻ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ከ50 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ቀድመው የሚሄዱት ለፈጣንና ለኃይለኛ እንቅስቃሴ የሚያገለግሉት ናቸው። ስንሮጥ ሰውነታችንን ወደፊት በመግፋት ትልቁ ድርሻ የባት ነው፣ የዕድሜ ጫናም ከሁሉ በፊት የሚታየው እዚያው ላይ ነው። ባት ሲደክም እርምጃ ያጥራል። በደቂቃ የምንረግጠው ቁጥር ብዙም ላይቀየር ይችላል፣ እያንዳንዱ እርምጃ ግን ትንሽ ትንሽ ይሰረቃል። የልብና የሳንባ አቅምም እንደሚቀንስ አልክድም። ግን የባትና የዳሌ ጉልበት በ50ም በ60ም በሥራ ይመለሳል፣ እኔ ይህን ነው የምነግራችሁ።

40 ሞላኝ ብሎ ጫማ መስቀል ደግሞ በኛ አገር አያምርም። ማሞ ወልዴ በሙኒክ ኦሎምፒክ በ1972 እ.ኤ.አ. በማራቶን ነሐስ ሲያመጣ 40 ዓመቱ ነበር። ቀነኒሳ በቀለ በ2024 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ 2፡04፡15 ሮጦ ሁለተኛ ሲወጣ 41 ዓመቱ ነበር። እነሱ እነሱ ናቸው፣ እናውቃለን። የሰው እግር ግን የሁላችንም በአንድ ሕግ ነው የሚሠራው።

ከምንም በፊት ራሳችሁን ፈትሹ። ግድግዳ በጣታችሁ ብቻ ነካ አድርጉ፣ ለሚዛን ያህል። በአንድ እግር ቁሙ፣ ጉልበት ሳይታጠፍ ተረከዛችሁን እስከ መጨረሻው አንሱና አውርዱ። ስንት ጊዜ ቻላችሁ? ከፍታው መቀነስ ሲጀምር ወይም ሰውነት ወደፊት ሲጋደም ቆጠራው አብቅቷል፣ ራሳችሁን አታታልሉ። 20 ካልሞላችሁ ከፍጥነትና ከኪሎ ሜትር በፊት እዚህ ላይ ሥራ አለባችሁ። መጀመሪያ ስሞክረው በቀኝ 17፣ በግራ 11 ነበር የወጣልኝ። የታመመው ጅማቴ የግራው ነበር።

አሠራሩ ደረጃ ብቻ ነው የሚፈልገው። የእግራችሁን ፊት ደረጃው ጫፍ ላይ አድርጋችሁ ተረከዛችሁን ባዶ ላይ ተዉት። በሁለት እግር ተረከዛችሁን አንሱ፣ በአንድ እግር ሦስት ቆጥራችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በመሃል አንድ ደቂቃ ዕረፍት። ይህ ጉልበት ተዘርግቶ ነው። ከዚያ ያንኑ ጉልበት ትንሽ አጠፍ አድርጋችሁ ድገሙት፣ ምክንያቱም ከላይኛው ባት ሥር የተደበቀ ሌላ ጡንቻ አለ፣ በረጅም ሩጫ ትልቁን ሸክም የሚሸከመው እሱ ነው፣ የሚሠራለት ደግሞ ጉልበት ሲታጠፍ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሁለተኛውን ይዘለዋል። አትዝለሉት። በሳምንት ሦስት ቀን በቂ ነው። የተረከዝ ጅማታችሁ አሁን የሚያማችሁ ከሆነ ግን ተረከዛችሁን ከደረጃው በታች አታውርዱት፣ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ሥሩት።

ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሆን ይቀላችኋል። ያኔ ጭነት ጨምሩ። ጂም መክፈል የግድ አይደለም። የጀርባ ቦርሳ ውስጥ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሙሉ ብታስገቡ 5 ኪሎ ነው፣ ግማሽ ብትሞሉት ሁለት ኪሎ ተኩል፤ ከዚህ የተሻለ ሚዛን የለም። ከግማሽ ጀምሩ፣ በየሁለት ሳምንቱ ጨምሩ። መቸኮል አያስፈልግም። ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። ጡንቻው "ቻልኩ" ሲላችሁ ጅማቱ ገና ነው፣ አብዛኛው ጉዳት የሚመጣውም በዚህ መሃል ነው።

ቀጥሎ ዳሌ። አንድ ሰው ከኋላችሁ ሆኖ በስልክ ይቅረጻችሁ፣ 20 ሰከንድ ይበቃል፣ ከጎንም ሌላ 20። ከኋላ ስታዩት እግር መሬት በነካ ቁጥር ዳሌያችሁ በሌላው በኩል ይወርዳል? ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ ይገባል? ከሆነ ጥፋቱ የመቀመጫና የዳሌ ጎን ጡንቻ ነው፣ ጉልበታችሁን የሚያማችሁም በዚሁ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሦስት ነገር እሠራለሁ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብድግ፣ ሲቀመጡ በጣም ቀስ ብሎ፣ ሲነሱ ፈጠን ብሎ። በደረጃ ወይም በጠንካራ ሳጥን ላይ በአንድ እግር መውጣት፣ የታችኛው እግር ሳያግዝ። ሦስተኛው በጀርባ ተኝቶ በአንድ እግር መቀመጫን ማንሳት፣ ላይ ሲደርሱ ሁለት ቆጥሮ መያዝ። እያንዳንዱ 8 እስከ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። መጨረሻው ላይ "ሁለት ልጨምር ብል እችላለሁ፣ አምስት ግን አልችልም" የሚል ስሜት ይኑራችሁ፤ አምስትም የምትችሉ ከሆነ ቀሏችኋል ማለት ነው፣ ጀሪካኑን ተሸከሙ። በእኛ ዕድሜ ቀላል ነገርን 50 ጊዜ መደጋገም ብዙ አይጠቅምም፣ ከበድ ያለ ነገር ጥቂት ጊዜ ይሻላል።

አሁን ወደ አሯሯጥ። ስለ አሯሯጥ ብዙ ምክር አለ፣ እኔ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምላችሁ።

አንደኛ፣ እግራችሁን ከፊት አታስረዝሙ። እርምጃዬ አጠረ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እግሩን ወደፊት መወርወር ነው፣ ያኔ ተረከዙ ከሰውነቱ በጣም ቀድሞ ያርፍና እንደ ፍሬን ይይዘዋል፣ ጉልበቱም ይመታል። እርምጃ የሚረዝመው ከኋላ ነው፣ በመግፋት፣ እሱም ከላይ በሠራችሁት ባት ነው የሚመጣው። ከፊት በኩል ግን እግር ከሰውነት ብዙ ሳይርቅ ይረፍ። ይህን የሚያስተካክለው ቁጥር ነው። ዱብ ዱብ ስትሉ ቀኝ እግራችሁ መሬት የሚነካበትን 30 ሰከንድ ቁጠሩና በአራት አባዙ። 39 ከሆነ በደቂቃ 156 እርምጃ ነው። ወደ 41 አምጡት፣ 164 ይሆናል። በቃ። ሁሉም ሰው 180 መሆን አለበት የሚባለውን ተዉት፣ ቁመትና ፍጥነት ይለያያል። ከነበራችሁበት አምስት በመቶ ያህል መጨመር ለጉልበት ብዙ ያቀልለታል። መጀመሪያ ሰሞን ያስተነፍሳል፣ ስለዚህ በሩጫው መሃል አምስት አምስት ደቂቃ ሞክሩት እንጂ ሙሉውን አይሁን።

ሁለተኛ፣ አትጉበጡ። ወገብ ላይ ታጥፎ የሚሮጥ ሰው ሲደክመው መቀመጫው ወደኋላ ይቀራል፣ ግፊቱም ይጠፋል። ዓይናችሁን 20 ሜትር ያህል ወደፊት ጣሉ፣ ደረት ክፍት፣ ትከሻ ልቅ። ማዘንበሉ ከቁርጭምጭሚት ይሁን። እጅ ወደኋላ ይሳብ፣ ደረት አያቋርጥ።

"በእግር ጣት በኩል ረግጠህ ሩጥ" የሚሏችሁን ግን በጥንቃቄ ስሙ። ሸክሙ ከጉልበት ወርዶ ባትና ተረከዝ ጅማት ላይ ይወድቃል፣ በእኛ ዕድሜ የደከመው ደግሞ እሱ ነው። ሰውን ሁሉ ስለሚያቆስል ነገር ነው የማወራው፣ ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፤ ባታችሁ ሳይጠነክር አረጋገጥ አትቀይሩ፣ ሶሉ ስስ ጫማም አታድርጉ።

ከስድስት ሳምንት የባትና የዳሌ ሥራ በኋላ ዳገት ግቡ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ዳገት አሯሯጥን በግድ ያስተካክላል፤ እግር ከፊት መርዘም አይችልም፣ ባት መግፋት አለበት፣ መሬቱም ወደ እናንተ ስለሚቀርብ ምቱ ይቀንሳል። መጠነኛ ዳገት ምረጡ፣ ኮረኮንች ወይም አፈር ቢሆን ይመረጣል። 15 ደቂቃ ዱብ ዱብ ብላችሁ ተሟሟቁ። ከዚያ 10 ሰከንድ በኃይል ውጡ፣ በእርምጃ ውረዱ፣ ትንፋሻችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ጠብቁ። አራት ጊዜ ይበቃል፣ በኋላ ስድስት። ቁልቁለቱን በሩጫ አትውረዱ፣ ጭንና ጉልበት የሚጎዳው እዚያ ነው። እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ እዚያ የምትሠሩ ዕረፍቱን አስረዝሙት።

ሳምንቱን እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ሦስት ቀን እሮጣለሁ፤ ማክሰኞ ከዳገት ጋር፣ ሐሙስ ቀለል ያለ፣ እሑድ ረጅም። ጉልበት የምሠራው በሩጫው ቀን ከሰዓት ነው፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሦስተኛውን የባት ሥራ እሑድ ማታ። ይህን የማደርገው ሌላው ቀን እውነተኛ ዕረፍት እንዲሆን ነው። በ25 ዓመት በአንድ ሌሊት የሚመለስ ሰውነት አሁን 48 ሰዓት ይፈልጋል፣ ስጡት።

ምግብ ላይ አጭር ነገር። ጡንቻ ለመገንባት በዚህ ዕድሜ ከወጣት የበለጠ ፕሮቲን ያስፈልጋል፣ በሰውነት ኪሎ 1.2 ግራም ገደማ በቀን፤ 70 ኪሎ ለሆነ ሰው 84 ግራም። ለንጽጽር አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ነው ያለው። በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ካልበዛ አይሞላም፣ እንጀራው በዝቶ ወጡ ጭልፋ ብቻ ከሆነ ያጥራል። ዐቢይ ጾምንም ሆነ ረመዳንን የሚጾም ሰው የጉልበት ሥራውን ወደ መፍቻው ሰዓት ያስጠጋው፣ ከሠራ በኋላ ብዙ ሳይቆይ እንዲበላ።

ስለ ሕመም ይህን ያዙ። ሕመሙ ከአስር ቢለካ ከሦስት የማይበልጥ ሆኖ በማግሥቱ ጠዋት ከጠፋ ቀጥሉ። ጠዋት የተረከዝ ጅማታችሁ ከትናንት የበለጠ ደርቆ አልታዘዝ ካለ ጭነቱን ቀንሱ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አታቁሙ፣ ጅማት በመተኛት አይድንም። ደረት መጨነቅ፣ ማዞር፣ ያልተለመደ የልብ ምት ካለ ግን ወዲያው ቁሙና ሐኪም ጋር ሂዱ። ዳገቱን ከመጀመራችሁ በፊትም ደም ግፊት፣ ስኳርና ልብ ታዩ፣ በተለይ ለዓመታት ያልሮጣችሁ። እባካችሁ ይህችን አትዝለሏት።

የመጀመሪያው የዳገት ቀን ላይ ደግሞ መነሻችሁን በአንድ ዛፍ ወይም ምሰሶ ለዩ፣ 10 ሰከንድ በሙሉ ኃይል ሮጣችሁ የደረሳችሁበት ላይ ድንጋይ አስቀምጡ። ከስምንት ሳምንት በኋላ ከዚያው መነሻ ድገሙት። የኔ ድንጋይ አሁን ከመጀመሪያው ቦታ አምስት እርምጃ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፣ ከገና በኋላ ደግሞ እሞክረዋለሁ።