የገዛችሁት ዕቃ ቢበላሽ መብታችሁን እንዴት ታስከብራላችሁ?

ዋስትና ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣው ማኅተም ያረፈበት ካርድ ነው። ካርዱ ከጠፋ ወይም ቀኑ ካለፈ ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል። ሻጮችም ይህን እምነት ለማረም አይቸኩሉም።

ገዢ ግን በብዙ አገር ሁለት ዓይነት ጥበቃ አለው። አንደኛው ከሕግ የሚመጣ ነው፦ የተሸጠው ዕቃ እንደተነገረለት መሆን፣ ለሚገዛበት አገልግሎት መዋልና ያልተነገረ ጉድለት የሌለበት መሆን አለበት። ካርድ ተሰጠም አልተሰጠ ይህ የሻጩ ግዴታ ነው። ሁለተኛው አምራቹ ወይም ሻጩ በፈቃዱ የሚጨምረው ቃል ነው። ካርዱ የሚናገረው ስለዚህኛው ብቻ ነው። ክርክር ሲነሳ «ካርድህ የታለ?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያውን መብት አይነካውም።

የጊዜው ርዝመት ከአገር አገር ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሻጩ ዕቃውን ካስረከበበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ ለ2 ዓመት ይጠየቃል፤ በመጀመሪያው ዓመት የታየ ጉድለት ደግሞ ከመነሻው እንደነበረ ይቆጠራል፣ አልነበረም የሚል ሻጭ ራሱ ያስረዳል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ሙሉ ገንዘብ መቀበልን ይፈቅዳል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግኑሰን ሞስ ሕግ ማንም የጽሑፍ ዋስትና እንዲሰጥ አያስገድድም፤ የሰጠ ግን ለመረዳት በማያስቸግር ቋንቋ እንዲጽፈው ግድ ይለዋል። ስለዚህ በየትም አገር ብትሆኑ አስቀድማችሁ የምታጣሩት ሁለት ነገር ነው፦ ሻጩ እስከ መቼ ይጠየቃል? የማስረዳቱ ሸክምስ የማን ነው?

1. ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ

ዋስትናውን የሚሰጠው ማን ነው? አምራቹ፣ አስመጪው ወይስ ሱቁ ራሱ? የአምራቹ ዋስትና ዕቃው በተመረተለት ገበያ ብቻ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ከሌላ አገር በጎን የገባ ስልክ ኦርጅናል ሆኖም የአገልግሎት ማዕከሉ «እኛን አይመለከትም» ሊላችሁ ይችላል።

የሚሸፍነውስ ምንድን ነው? አንድ ማቀዝቀዣ በሩ ላይ በትልቁ «10 ዓመት ዋስትና» የሚል ተለጣፊ ቢኖረው ጠጋ ብላችሁ ከሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። ብዙውን ጊዜ 10 ዓመቱ የኮምፕሬሰሩ ብቻ ነው። ቴርሞስታቱ፣ ማራገቢያው፣ የበሩ ጎማ የሚሸፈኑት ለአጭር ጊዜ ነው። ኮምፕሬሰሩም ቢሆን ክፍሉ በነፃ ተሰጥቶ የባለሙያው የእጅ ዋጋና ማጓጓዣው ከእናንተ ሊጠየቅ ይችላል። ባትሪና ቻርጀርም አብዛኛውን ጊዜ አጠር ያለ የራሳቸው ቀነ ገደብ አላቸው።

ሻጩ «ውሃ አይገባውም»፣ «ከዚህ መኪና ጋር ይሄዳል» ካለ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፈው ጠይቁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ለመጻፍ ካንገራገረ ጥያቄውን በስልክ መልእክት ላኩለት፤ መልሱ ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

ተጨማሪ ገንዘብ ከፍላችሁ «የተራዘመ ዋስትና» እንድትገዙ ቢያግባቧችሁ አትቸኩሉ። ሕጉ ወይም አምራቹ በነፃ የሚሰጠውን ጊዜ ደግሞ የሚሸጥላችሁ ሊሆን ይችላል። መቼ እንደሚጀምር፣ ለያንዳንዱ ጥገና ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ካለና እንደ መውደቅ ያለ አደጋን ይሸፍን እንደሆነ ሳታዩ አትፈርሙ። እኔ ለርካሽ ዕቃ አልመክረውም።

2. ደረሰኙን አድኑት

ቀኑ፣ የሻጩ ስም፣ የዕቃው ሞዴልና መለያ ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ ይኑሩ። «ስልክ 1» የሚል ደረሰኝ የትኛው ስልክ እንደሆነ አያስረዳም። በካርቶኑ፣ በዕቃውና በዋስትና ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑንም እዚያው ቆማችሁ አስተያዩ።

የዛሬ ደረሰኝ አብዛኛው የሚታተመው በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ላይ ነው። ቀለም የለውም። ፀሐይ፣ ሙቀት፣ የእጅ አልኮልና አንዳንድ የላስቲክ ማኅደር ጽሑፉን ያደበዝዙታል፤ በዓመቱ ስታወጡት ባዶ ወረቀት ልታገኙ ትችላላችሁ። የገዛችሁ ዕለት ፎቶ አንሡትና ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት።

3. በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉንም ሞክሩ

ብዙ ሰው ዕቃው ሲበራ ካየ ይበቃዋል። ማብራት መሞከር አይደለም። የስልኩን ድምፅ ማጉያ፣ የኋላና የፊት ካሜራውን፣ የልብስ ማጠቢያውን ሁሉንም ፕሮግራም፣ የምድጃውን እያንዳንዱን ማንደጃ ፈትሹ። ዕቃውን መልሶ ገንዘብን መቀበል ቀላል የሚሆነው በነዚህ ቀናት ነው። በማድረሻ የመጣ ከሆነ ሲከፈት በቪዲዮ ቅረጹ፣ ካርቶኑንም ለጊዜው አትጣሉት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። ዕቃው ጤነኛ ሆኖ ሐሳብ መቀየርና ዕቃው ጉድለት ኖሮበት መመለስ ይለያያሉ። ከሱቅ በአካል ገዝቶ ቀለሙን አልወደድኩትም የሚል ሰው በአብዛኛው በሱቁ በጎ ፈቃድ ላይ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ግን በኢንተርኔት ለተገዛ ለአብዛኛው ዕቃ ያለ ምክንያት የመመለሻ 14 ቀን አለ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ የሚሠራው ለመጀመሪያው፣ ማለትም ሐሳብ ለቀየረ ገዢ ነው። ጉድለትን በተመለከተ ሻጭ በግድግዳ ማስታወቂያ ከሕግ ግዴታው ማምለጥ በብዙ አገር አይችልም።

4. ሲበላሽ እጃችሁን ሰብስቡ

መጠቀም አቁሙ። ሰፈር ያለ ጠጋኝ እንዲከፍተውም አትስጡ፤ ጉዳቱን ያደረሰው ማን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። «ከተነሣ ዋስትና የለም» የሚሉ ተለጣፊዎች ከሕግ ጋር ሊጋጩ እንደሚችሉ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ለኩባንያዎች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል። የአገራችሁን ሕግ እስክታጣሩ ግን ተለጣፊውን አትንኩት።

በብዙ ስልኮች ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሲም ካርዱ ማስገቢያ በኩል የምትታይ፣ ውሃ ሲነካት ቀለሟ ወደ ቀይ የሚለወጥ ትንሽ ምልክት አለች። ቴክኒሻኑ ቀድሞ የሚያየው እሷን ነው። ስልኩን ከማስረከባችሁ በፊት በባትሪ መብራት አይታችሁ ፎቶ አንሷት። መውደቅ፣ ውሃ መግባትና በአጠቃቀም ማርጀት በመደበኛው ዋስትና አይሸፈኑም።

5. ቅሬታውን በጽሑፍ አቅርቡ

ወደ ሻጩ ሂዱ። «አምራቹን አነጋግሩ» ቢላችሁ ገንዘቡን የተቀበለው እሱ መሆኑን አስታውሱት። ጽሑፉ ረጅም መሆን የለበትም፦

«ለ(የሱቁ ስም)። በ(ቀን) ከእናንተ የገዛሁት ማቀዝቀዣ (ሞዴል፣ መለያ ቁጥር) ከ(ቀን) ጀምሮ የላይኛው ክፍሉ ሲያቀዘቅዝ የታችኛው አያቀዘቅዝም። የደረሰኙን ቅጂና ፎቶ አያይዣለሁ። ያለ ክፍያ እንዲጠገንልኝ ወይም እንዲቀየርልኝ እየጠየቅሁ እስከ(ቀን) ድረስ መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።»

ስድብ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። የሚፈለገው ነገርና ቀኑ ግልጽ ነው። «ተበላሽቷል» ብቻ ማለት ለሻጭ ማምለጫ ይሰጠዋል፤ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ጻፉ። በብዙ ሕጎች መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥገና ወይም ቅያሪ ነው። ጥገናው ካልተሳካ ወይም ከልክ በላይ ከዘገየ የዋጋ ቅናሽ ወይም ገንዘብ መመለስ ይከተላል።

6. ለጥገና ስታስረክቡ

ፎቶና ሰነዳችሁን ገልብጡ፣ ሲምና ሚሞሪ ካርድ አውጡ። የመረከቢያ ወረቀቱን ሳታነቡ አትፈርሙ። ያልተጫረ ዕቃ ላይ «የተጫረ» ተብሎ ሲጻፍ ዝም ካላችሁ ኋላ የምትከራከሩት ከፊርማችሁ ጋር ነው። ሲመለስ ምን እንደተገኘና ምን እንደተቀየረ የሚገልጽ ወረቀት ተቀበሉ። ያው ብልሽት ደግሞ ከመጣ «ጥገናው አልተሳካም» የምትሉት በነዚህ ወረቀቶች ነው።

7. እምቢ ቢሏችሁ

መጀመሪያ የሱቁን ኃላፊ፣ ቀጥሎ አምራቹን በጽሑፍ ጠይቁ። በባንክ ካርድ ከፍላችሁ ከሆነ ክፍያው ሊመለስ የሚችልበት አሠራር እንዳለ ባንካችሁን ጠይቁ፤ ቀነ ገደብ ስላለው አታዘግዩት። ከዚያ የአገሪቱ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት አለ፣ በመጨረሻም ፍርድ ቤት። በየአገሩ አነስተኛ ገንዘብን የሚያዩ፣ ጠበቃ የማያስፈልጋቸው ችሎቶች መኖራቸውንም ጠይቁ።

ሻጩ በመጨረሻ ተስማምቶ ገንዘብ ሲመልስ አንዳንዴ የሚያስፈርመው ወረቀት አለ። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለበት፣ የተመለሰው ሙሉው ዋጋ መሆኑንና የማጓጓዣው ወጪ መካተቱን ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ እስክሪብቶውን አትቀበሉ።